መብረቅ «ኢትዮጵያ» ብሎ ሲጽፍ፦ ስለ ሞርስ አንባቢ ማሽኖች አንድ ሒስ

ባለፈው ክረምት መንዝ ነበርኩ፤ መሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ አክስቴ ቤት። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ሐምሌ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ይጠቁርና ማጉረምረም ይጀምራል። ይዤ የሄድኩት ሦስት ነገር ነበር፦ በውሰት ያገኘሁት የአጭር ሞገድ መቀበያ፣ ሃያ ሜትር የሚሆን ሽቦ፣ እና ኪስ ውስጥ የምትገባ የሞርስ አንባቢ።

ሽቦውን ከቤቱ ጣሪያ ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ወጠርኩት። አንባቢዋን ስፒከሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። ብዙም ሳይቆይ ትንሿ ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ፊደላት መሮጥ ጀመሩ፦ ኢ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኢ፣ ቲ...

አክስቴ ከምድጃው ዞር ብላ «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ኢቲ፣ ኢቲ ይላል እትዬ። በራዲዮ ሰዎች ዘንድ የኢትዮጵያ መለያ ነው።»

«ማን ነው የሚለው?»

ጆሮዬን ወደ ስፒከሩ አስጠጋሁ። የሞርስ ፉጨት የሚባል ነገር የለም። የሚሰማው እንደሚጠበስ ሽምብራ የሚንጣጣ ድምፅ ብቻ ነው።

«መብረቁ ነው» አልኳት።

«ታዲያ የተናገረ ሰው ከሌለ ለምን ይጽፋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደውም እነዚህን ማሽኖች በተመለከተ ካነበብኳቸው የምርት ግምገማዎች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ አያነሱትም። ግምገማዎቹ ስለ ዋጋ፣ ስለ ስክሪን፣ ስለ ባትሪ ያወራሉ። የአክስቴ ጥያቄ ግን ማሽኑን ከሥሩ ይነካዋል፤ ስለዚህ ዛሬ እሱን ይዘን እንሂድ።

መጀመሪያ፣ ሞርስ ዛሬም አለ እንዴ?

አለ። አማተር ራዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለመማርና ለመሞከር ብለው በተመደበላቸው ፍሪኩዌንሲ የሚገናኙበት መስክ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የጥሪ ምልክት አለው፤ የምልክቱ መጀመሪያ አገሩን ይናገራል። ለኢትዮጵያ ከተመደቡት መነሻዎች ዋናው «ኢቲ» ነው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ተብሎ ይጠራል። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች ይህችን ጥሪ ለመስማት ሌሊት ሲያድሩ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ አየር ላይ የሚወጣ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ።

ድሮ በአጭር ሞገድ ለማሰራጨት ሞርስ መፈተን ግዴታ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ግን ይህ ግዴታ ተነሣና ውሳኔው ለየአገሩ ተተወ። ሆኖም ሞርስ አልሞተም። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ፊዚክስም አለበት። በአጭር ሞገድ የሰው ድምፅ ለማስተላለፍ ወደ 2400 ኸርዝ ስፋት ያስፈልጋል። ለሞርስ 150 ኸርዝ ይበቃል። የጫጫታ ጉልበት ከስፋቱ ጋር ስለሚያድግ፣ 16 ጊዜ በጠበበ መስኮት የሚገባው ጫጫታም 16 ጊዜ ያንሳል። በቃ፣ አንድ ትንሽ ባትሪና ጥቂት ዋት ያለው ሰው ድምፁ በማይሰማበት ቦታ ሞርሱ ይሰማል ማለት ነው።

ይህ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው ተራ ነገር አይደለም። ጀማና ወንጪት የቆረጡትን ገደል የሚያውቅ ሰው፣ ማዶ ያለውን ቤት በዐይኑ እያየ ለመድረስ ግማሽ ቀን መውረድና መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። የኤፍኤምና የሞባይል ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ገደል ይጋርደዋል። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ ሞገድ ግን ወደ ላይ ተልኮ፣ ከምድር በላይ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካለው አዮኖስፌር ተንጸባርቆ ገደሉ ውስጥ ይወርዳል። ተራራ አያግደውም፤ የሚመጣው ከሰማይ ነው።

ታዲያ ኮዱን መማር ወራት ይፈጃል። ማሽኖቹ የሚሸጡት እዚህ ጋ ነው። የማስታወቂያዎቹ ቃል ኪዳን ባጭሩ፣ አንባቢዋን መቀበያው አጠገብ አድርጉ፣ ሞርስ ሳትማሩ ሞርስ ታነባላችሁ የሚል ነው። እኔ የምተቸው ማሽኑን ሳይሆን ይህን ቃል ኪዳን ነው።

ማሽኗ ሆድ ውስጥ ምን አለ?

ኪስ ውስጥ የምትገባዋም ሆነች ስልክ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም የሚሠሩት በመሠረቱ አንድ ነገር ነው። በየቅጽበቱ አራት ጥያቄ ይመልሳሉ።

አንደኛ፣ ፉጨት አለ ወይስ የለም? መቀበያው ሞርስን ብዙ ጊዜ 600 ወይም 700 ኸርዝ አካባቢ ባለ ፉጨት አድርጎ ያወጣዋል። አንባቢዋ ድምፁን ለምሳሌ በሰከንድ 8000 ጊዜ ትለካና፣ በ80 በ80 ልኬት ቆርጣ፣ «በዚህ 10 ሚሊሰከንድ ውስጥ 700 ኸርዝ ላይ ምን ያህል ጉልበት አለ?» ብላ ታሰላለች። ለዚህ በብዛት የሚሠራበት ስሌት ገርትዘል አልጎሪዝም ይባላል፤ የፎሪየር ትንተና ቀለል ያለ ዘመድ ነው። የቀድሞዎቹ ሥራውን ኤልኤም567 ለምትባል ስምንት እግር ያላት ቺፕ ይሰጧት ነበር።

ሁለተኛ፣ ፉጨቱ አጭር ነው ወይስ ረጅም? በሞርስ ሰረዝ የነጥብ ሦስት እጥፍ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 20 ቃል ከሆነ ነጥቡ 60 ሚሊሰከንድ፣ ሰረዙ 180 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የፍጥነት መለኪያ ሆና የተመረጠችው «ፓሪስ» የሚለው ቃል ከነክፍተቱ የ50 ነጥብ ርዝመት አላት፤ 20 ጊዜ ስትባዛ በደቂቃ 1000 ነጥብ ይሆናል፤ 60 ሰከንድ ለ1000 ሲካፈል 60 ሚሊሰከንድ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ዝምታው ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው። በሞርስ ዝምታም ፊደል ነው። በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉ ምልክቶች መካከል አንድ ነጥብ ያህል፣ በፊደልና በፊደል መካከል ሦስት፣ በቃልና በቃል መካከል ሰባት ነጥብ ያህል ዝም ይባላል።

አራተኛ፣ የተሰበሰበው ነጥብና ሰረዝ ከሰንጠረዡ ውስጥ የትኛው ፊደል ነው? ይህ ቀላሉ ነው። ፍለጋ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ አራተኛው ጥያቄ ላይ ስሕተት የለም ማለት ይቻላል። ስሕተቱ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይመጣል፤ ሦስቱም ደግሞ የ«ከዚህ በላይ፣ ከዚህ በታች» ፍርዶች ናቸው። ማሽኗ በ60 እና በ180 መካከል፣ እንበልና 120 ላይ፣ መስመር ታሰምራለች። 119 ሚሊሰከንድ የቆየው ነጥብ፣ 121 የቆየው ሰረዝ ነው። ለሁለቱም እኩል እርግጠኛ ናት።

ለምን «ኢ» እና «ቲ»?

ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። በሞርስ ሠንጠረዥ ውስጥ አጭሯ ፊደል «ኢ» ናት፤ አንድ ነጥብ ብቻ። ቀጥላ የምትመጣው «ቲ» ናት፤ አንድ ሰረዝ ብቻ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጣም ተደጋጋሚዎቹ ፊደላት እነዚህ ስለሆኑ ጊዜ እንዲቆጥቡ አጫጭር ምልክት ተሰጣቸው። ብልህ ንድፍ ነው። ግን ጣጣ አለው፤ ማንኛውም ብቻውን የመጣ ጩኸት አጭር ከሆነ «ኢ»፣ ረዘም ካለ «ቲ» ይሆናል። መብረቅ፣ የፀሐይ ኃይል ቻርጀር፣ የኤሌክትሪክ አጥር፣ ሁሉም «ኢ» እና «ቲ» ይጽፋሉ። የእኛ አንባቢ ማይክሮፎን ስለነበራት ደጅ ስታሽካካ የነበረችው ዶሮም ጥቂት ፊደል አዋጥታለች።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ማሽኗ ራሷን ከሁኔታው ጋር ማስማማቷ ነው። ምልክቱ ሲደክም መስመሯን ዝቅ ታደርጋለች፤ ደካማ ጣቢያ እንዳያመልጣት። ምንም ጣቢያ ከሌለ ግን መስመሯ እስከ ጫጫታው ድረስ ይወርድና ጫጫታው ራሱ «ምልክት» ይሆናል። እንግዲህ ለአክስቴ መልሱ ይኸው ነው፦ የምትጽፈው ዝም ማለት ስላልተማረች ነው።

እስካሁን ያለው አስቂኝ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም።

«ኢቲ3ኤኤ» የሚለውን ጥሪ በ20 ቃል ፍጥነት ብንልከው ከ2 ሰከንድ ትንሽ የበለጠ ይወስዳል። መጀመሪያ ነጥብ (ኢ)፣ ከዚያ የ180 ሚሊሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ ሰረዝ (ቲ)። አሁን ላኪው እጁ ትንሽ ቸኮለና ዝምታው ከ180 ወደ 110 ሚሊሰከንድ አጠረ እንበል። ልዩነቱ የዐይን ጥቅሻ አያህልም። ማሽኗ ግን መስመሯ 120 ላይ ነው፤ ስለዚህ ነጥቡንና ሰረዙን አንድ ፊደል ታደርጋቸዋለች። ነጥብና ሰረዝ አንድ ላይ «ኤ» ናቸው። ስክሪኑ ላይ የሚነበበው «ኤ3ኤኤ» ይሆናል።

«ኤ3» ደግሞ ዝም ብሎ የተበላሸ ጽሑፍ አይደለም። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው የቶንጋ መለያ ነው። 70 ሚሊሰከንድ የሆነች ዝምታ ጠፍታ አምስት ኪሎ ያለው ጣቢያ ቶንጋ ገባ። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። የተጻፈው ትክክለኛ ጥሪ ይመስላል፤ ስሕተቱ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የቁጥር ስሕተትማ ይብሳል። በሞርስ 1 ማለት አንድ ነጥብና አራት ሰረዝ ነው፤ 2 ማለት ሁለት ነጥብና ሦስት ሰረዝ ነው። የመጀመሪያው ሰረዝ ጫፉ በጫጫታ ተበልቶ ቢያጥር 1 ቁጥር 2 ይሆናል። ገደል ማዶ ካለ ጤና ኬላ «በቀን 1 ፍሬ ስጡት» የሚል መልእክት መጣ እንበል። ማሽኗ ጥርት ባለ ጽሑፍ 2 ብትል፣ ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው በምን ይጠራጠራል?

የመንዝ ሰማይ የራሱ ጠባይ አለው

«ይህ ሁሉ በየትኛውም አገር ይደርሳል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን እነዚህ ማሽኖች ብዙ ጊዜ የሚሠሩትና የሚፈተኑት ከወገብ ርቀው ባሉ አገሮች ነው፤ የእኛ ሰማይ ሁለት ተጨማሪ ፈተና አለው።

የመጀመሪያው የክረምቱ መብረቅ ነው። መብረቅ በጣም አጭር ሆኖ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ ይጮኻል። «ማጣሪያውን እናጥበዋ!» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ እኔም ብዬ ነበር። ግን ጠባብ ማጣሪያ ዘገምተኛ ነው። 100 ኸርዝ ስፋት ያለው ማጣሪያ ምላሽ ለመስጠት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ 10 ኸርዝ ብታደርጉት ወደ 100 ሚሊሰከንድ ይወስድበታልና 60 ሚሊሰከንድ ያለችውን ነጥብ ይውጣታል። በተጨማሪም ጠባብ ማጣሪያ እንደ ደወል ነው፤ መብረቅ ሲመታው ያንቃጭላል። ማንቃጨሉ ደግሞ ፍጹም ነጥብ ይመስላል። ይህን ማንም ፋብሪካ አይሽረውም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ብዙዎች የማያውቁት ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ነው፤ ከአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። ለዚህም ነው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመው። በዚህ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ እንደሚፈላ ውኃ አረፋ ያወጣል፤ በተለይ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው በመስከረምና በመጋቢት ወራት አካባቢ። በዚያ ያለፈ ሞገድ ይርገበገባል። ለምሳሌ በሰከንድ 8 ጊዜ ቢርገበገብ፣ እያንዳንዱ መድከም 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ይህ ልክ የአንድ ነጥብ ርዝመት ነው! አንድ ሰረዝ መሐሉ ላይ ይቆረጥና ሁለት ነጥብ ይሆናል። ማሽኗ ይህን ከላኪው እጅ መለየት አትችልም።

ጆሮ ግን ይለያል። ሲርገበገብ የሰማ ሰው «ሰማዩ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ላኪው አንድ ቃል ላይ እጁ እንደሚቸኩል ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይለምደዋል፤ «ኢቲ» ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠብቃል። የማሽኗ ፍርድ 10 ሚሊሰከንድ 10 ሚሊሰከንድ እየቆረጠ ሲሄድ፣ የሰው ጆሮ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ይዞ ይጠብቃል።

ማሽኗን አንበድላት

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንባቢዎች በደንብ የሚሠሩባቸው ቦታዎች አሉ።

ላኪው ኮምፒዩተር ወይም ጥሩ ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ከሆነ፣ ምልክቱም ጠንካራ ከሆነ፣ አንባቢዋ በቃ ታነባለች፤ ከእኔም ትፈጥናለች። በዓለም ዙሪያ በፈቃደኞች መቀበያዎች የተዘረጋ «ሪቨርስ ቢከን ኔትወርክ» የሚባል ሥርዓት አለ። ሲደብሊው ስኪመር በሚባል ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ጣቢያዎችን እያነበበ፣ ማን የት ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደሚጠራ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ይህ በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ለምን እንደተሳካለት እዩ፦ ሁሉንም ወሬ ላንብብ አይልም። «ሲኪው» የሚለውን ጥሪና የጥሪ ምልክት የሚመስል ቅርጽ ብቻ ይፈልጋል። ሥራውን አጠበበ፤ ስለዚህ ተሳካለት።

ጆሮው ለማይሰማ ወይም ለደከመ ሰውም አንባቢዋ በር ትከፍታለች። እዚህ ላይ የእኔ ሒስ ቦታ የለውም።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሟ ይህ ነው። የራሳችሁን ቁልፍ ድምፅ ለማሽኗ አሰሟት። «ኢቲ» ብላችሁ ልካችሁ «ኤ» ብላ ከጻፈች፣ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ዝምታችሁ አጥሯል። ከሰው እጅ ስትቀበል ጎዶሎዋ የሆነው ግትርነት፣ የራሳችሁን እጅ ስትፈትን ጥንካሬዋ ይሆናል። ይሉኝታ የሌላት አስተማሪ ናት። መንዝ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት «ሰማይን ላንብብ» ብዬ አባከንኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት የራሴን እጅ ሳስነብባት ነው የተማርኩት።

ዋናው ጉድለት

እንደ ኢንጂነር ስናገር፣ መሳሳቷ አያስቆጣኝም። የማይሳሳት መሣሪያ የለም። የሚያስቆጣኝ «አላውቅም» አለማለቷ ነው። በሆዷ ውስጥ እኮ ጥርጣሬው አለ። 119 እና 121 ሚሊሰከንድ ከመስመሩ አጠገብ መሆናቸውን ታውቃለች፤ የጫጫታውን ጉልበትም ለክታዋለች። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ያን ሁሉ ትጥለዋለች። ለእኛ የሚደርሰን ንጹሕ ፊደል ብቻ ነው።

ማሻሻሉ ከባድ አይደለም። እርግጠኛ ያልሆነችበትን ፊደል ደብዘዝ አድርጋ ታሳይ። ዝምታው ከመስመሩ አጠገብ ከሆነ ሁለቱንም ንባብ ጎን ለጎን ታስቀምጥ፤ «ኢቲ ወይም ኤ» ትበል። ፉጨት ከሌለ ባዶ ስክሪን ታሳይ። ይህ ሁሉ ጥቂት ተጨማሪ የፕሮግራም መስመር ነው። የማይሠራው፣ ይመስለኛል፣ የሚያመነታ ማሽን ለገበያ ስለማይመች ነው። ግን ሐኪም ይሁን ቴርሞሜትር፣ ጥርጣሬውን የሚደብቅ ነገር እንዴት ይታመናል?

ሌላም የሚጎድል አለ። የማሽኗ ሠንጠረዥ የላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ብትልኩላት በላቲን ፊደል አስገብታችሁ፣ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» እንዴት እንደምትለዩ ከተቀባዩ ጋር ቀድማችሁ ተስማምታችሁ ነው። ስሕተትን በቃላት ግምት የሚያርሙ ዘመናዊ ፕሮግራሞችም የሚገምቱት በሰለጠኑበት ቋንቋ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሰለጠነ «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል አያውቀውምና ሊያርመው ሲል ያበላሸዋል። ለግዕዝ ፊደል የሚሆን፣ ተነባቢውንና አናባቢውን በየራሱ ምልክት የሚልክ ሠንጠረዥ ነድፎ አንባቢ መሥራት ለአንድ የምህንድስና ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። ይህን የሚያነብ ሰው ቢወስደው ደስ ይለኛል።

ዜማ ቤት የሚያውቁት ነገር

በመንዝ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ዜማ በምልክት እንደሚጻፍ ያውቃል፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ እየተባለ። ግን ምልክቱን አይቶ ዜማ የተማረ ተማሪ የለም። መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ደጋግሞ ጆሮው ውስጥ ያስገባል። ምልክቱ የሰማውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልሰማውን አያስተምረውም።

ሞርስም እንደዚሁ ነው። ሉድቪግ ኮኽ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ዛሬም ይመከራል፦ በሁለት ፊደል ብቻ ጀምሩ፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ ፍጥነት ስሙ፤ ከመቶ ዘጠና ያህሉን ስትለዩ አንድ ፊደል ጨምሩ። ነጥብና ሰረዝ አትቁጠሩ። «ኤ» ማለት «ዲ-ዳህ» የሚል አንድ ድምፅ ነው፤ ልክ ስማችሁ ሲጠራ ፊደል እንደማትቆጥሩት።

ይህን ለመሞከር ራዲዮ አያስፈልጋችሁም። በስልካችሁ ላይ ሞርስ የሚያስተምርና ሞርስ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። ከዚያ ሦስት ነገር ሞክሩ፦ መጀመሪያ በአንድ ስልክ «ኢቲ3ኤኤ»ን አስልካችሁ በሌላው አስነብቡ። ቀጥሎ አጠገቡ ውኃ እየቀዳችሁ ወይም እያጨበጨባችሁ ድገሙት። በመጨረሻ በአፋችሁ እያፏጫችሁ ላኩት። የትኛው ላይ እንደሚሰበር፣ በምን ፊደል እንደሚሰበር ጻፉ። ይህ ሙሉ የሳይንስ ሙከራ ነው። እውነተኛ መሣሪያ የመግዛት ወይም የማሰራጨት ሐሳብ ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ደንብ ጠይቁ፤ አየሩ ያለ ፈቃድ አይገባበትም።

ከመንዝ ልመለስ በዋዜማው ማታ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አንባቢዋን አጥፍቼ በጆሮዬ ብቻ አዳመጥኩ። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሰው እጅ የሚልከው ደካማ ፉጨት መጣ። እርሳስ ይዤ የሰማሁትን ጻፍኩ፤ ያልሰማሁትን ባዶ ተውኩት። አክስቴ በፋኖሱ ብርሃን ወረቀቱን አየችና «ይኼስ ለምን ባዶ ሆነ?» አለች።

«እሱን አልሰማሁትም» አልኳት።

«እንግዲህ እንዲህ ነው እንጂ» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።